ዲአንጄሎን ይዤ ጎንደር

ጎንደር የሄድኩት ለጓደኛዬ ሠርግ ነው። ሠርጉ እሑድ ነበር፤ እኔ አርብ ገባሁ። አውሮፕላን ውስጥ ጆሮዬ ላይ የነበረው አሜሪካዊው ዘፋኝ ዲአንጄሎ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በቆሽት ካንሰር በ51 ዓመቱ ካረፈ ወዲህ ሌላ መስማት አቅቶኛል። (ከዚህ በኋላ ዓመቱን በፈረንጅ እቆጥራለሁ።)

ሰውዬው ያወጣው ሦስት የስቱዲዮ አልበም ብቻ ነው። የመጀመሪያው በ1995፣ ሁለተኛው «ቩዱ» በ2000፣ ከዚያ 14 ዓመት ጠፍቶ ሦስተኛው። እኔን የያዘኝ «ቩዱ» ነው። ከበሮው ሁሌ ትንሽ ይዘገያል። መጀመሪያ ስሰማው ሲዲው የተበላሸ መስሎኝ ነበር! ለካ ሆን ብለው ነው። ጄ ዲላ የሚባለው ፕሮዲውሰር ከማሽን የሚያወጣውን የተንገዳገደ ምት ከበሮ መቺው ኩዌስትላቭ በእጁ ከበሮ ላይ አመጣው። የቀዱትም ኒውዮርክ፣ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ባሠራው ስቱዲዮ ነው። የዲአንጄሎ አዘፋፈን ውስጥ ደግሞ ከእሱ የቀደሙት ዘፋኞች፣ ፕሪንስም፣ ማርቪን ጌይም፣ አል ግሪንም አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት በዓታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አቋቋም፣ ማለትም ዜማን በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ማቅረብን፣ የሚማር ሁሉ የመምህርነት ምስክርነቱን ፍለጋ የሚመጣው እዚህ ነው። አንድ ወጣት ከበሮውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መረግድ የሚባለውን የአቋቋም ክፍል ይለማመዳል። ጓደኞቹ በጸናጽል ይከተሉታል። ልጁ ሞቅ ሲለው ፈጠነ። የኔታ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሁሉም ዝም።

«አትሩጥ» አሉት። «ዜማው ይቅደምህ።»

እንደገና ጀመረ። አሁን እጁ ከዜማው ኋላ፣ ለጥቂት፣ ቆየት ብሎ ያርፋል። እግሬ ላይ ተሰማኝ። ዲአንጄሎም እኮ የሰባኪ ልጅ ነው። ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ጴንጤ ቸርች ውስጥ በልጅነቱ ፒያኖ ሲመታ ያደገ። ሁለቱ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ የኔታ ቢሰሙኝ በመቋሚያው ነው የሚሉኝ።

ማታ ሙሽራው አዝማሪ ቤት ወሰደን። ኤርፎኔን አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ረስቼዋለሁ። ማሲንቆ መቺው ገና ከበሩ አይቶኛል፦

«በጆሮው ወትፎ የፈረንጁን ዜማ፣
ጎንደር ድረስ መጣ ማሲንቆ ሊሰማ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፍኩና «ኧረ ወንድሜ፣ ፈረንጅ አይደለም፣ ጥቁር ነው» አልኩት። ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ዲአንጄሎም ሰው ሙዚቃውን «ኒዮ ሶል» (አዲሱ ሶል) ሲለው ስሙን የኔ ነው ብሎ አያውቅም፤ የምሠራው የጥቁር ሰው ሙዚቃ ነው ነበር መልሱ።

እረፍት ላይ አዝማሪው አጠገቤ ተቀመጠ። አንዱን ኤርፎን ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ጉልበቱን እየመታ አዳመጠ። ጣቱ ሁለቴ ሳተ። ሦስተኛው ላይ ያዘው።

«ድምፁስ ሸጋ ነው» አለኝ ኤርፎኑን እየመለሰ። «ከበሮ መቺውን ግን ምን አጠጥተውት ነው?»