ዘይቱ ላይ የበተንነው ሰጋቱራ

የፎርክሊፍት፣ ማለትም ከባድ ጭነት በሹካው አንስቶ የሚያመላልስ ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ የገጠመኝን ልጻፍላችሁ፤ በተለይ ማሽን የምታንቀሳቅሱ ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የቀን ቼክሊስት ነበረን። ፍሬን፣ የእጅ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሹካ፣ ሰንሰለት፣ ክላክስ ተብሎ የተዘረዘረ ወረቀት ነው፤ ጠዋት ማሽኑ ሳይነሳ እየታየ ምልክት ሊደረግበት። እኛ ግን ሰኞ ሻይ እየጠጣን የሳምንቱን በሙሉ ሞልተን እንፈርም ነበር። የጠየቀን ሰው የለም።

የዚያን ሳምንት ሰኞ ከፊት ግራ ጎማ ሥር ጠብታ አየሁ። ረዳቴ ወለሉ እንዳያንሸራትት ሰጋቱራ በተነበት፣ እኔም አስነስቼ ወጣሁ። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። የፍሬኑ ፔዳል ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ ካልተደረገ አልይዝ ማለት ጀምሮ ነበር። እሱንም ለመድኩት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ መልመዴ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ 30 ጆንያ ዩሪያ ጭኛለሁ፤ ባለ 50 ኪሎ ነው፣ 15 ኩንታል ማለት ነው። ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወረደው በኋላ ማርሽ ስለሆነ አንገቴን አዙሬ በራምፑ እየወረድኩ፣ መሃል ላይ ስደርስ ፔዳሉን ብረግጠው እስከ ወለሉ ገባ። ደገምኩት። ባዶ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ገመዱ ረግቦ ኖሯል፣ አልያዘም። ቼክሊስቱ ላይ «ደህና» ብዬ የፈረምኩበት የእጅ ፍሬን ነው።

ከታች ጥላው ውስጥ ሦስት ጫኝና አውራጆች ቁጭ ብለው ቆሎ ይበላሉ። ክላክሱን ሳላቋርጥ እየነፋሁ ሹካውን ወደ መሬት ለቀቅኩት። ጆንያዎቹ የተደረደሩበት ፓሌት ኮንክሪቱን እየፋቀ ተጎተተ፣ ጆንያዎቹ ተቀደዱ፣ ዩሪያው እንደ በረዶ ራምፑ ላይ ፈሰሰ። ማሽኑ የቆመው ሰዎቹ ተደግፈውት የነበረው ግድግዳ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። ቆሎው እዚያው ተበትኖ ቀረ። ባዶው ማሽን ብቻ ወደ 4 ቶን ይመዝናል።

መካኒኩ ጎማውን ሲፈታው የፍሬኑ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱን ሲያፈስ ሰንብቷል።

ከሦስቱ አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ ሲሸሹ ወድቀው ጉልበታቸው ተልጦ ነበር። ማታ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ዘይቱን እኮ ማክሰኞ አይቼው ነበር። እናንተ የምታውቁት መስሎኝ ዝም አልኩ» አሉኝ። ያ ንግግር እንቅልፍ ነሳኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የመሣሪያ ብልሽት ካየ ወዲያው ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህን ለጋሼ የነገራቸው ግን አልነበረም።

አሁን ሰጋቱራ ቀርቷል። ማታ ማሽኑን ሳቆም ከሥሩ ንጹህ ካርቶን አነጥፋለሁ፣ ጠዋት አውጥቼ አየዋለሁ። ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት፣ አረንጓዴ ውሃ ከሆነ ራዲያተር፣ ጎማ ሥር ቀጠን ያለ ቢጫ ነገር ካለ ፍሬኑን እጠረጥራለሁ። ከዚያ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ። ሹካውን የሚያነሳው ሰንሰለት መርገቡን በእንጨት ገፋ አድርጋችሁ እዩ እንጂ ጣታችሁን እንዳታስገቡ። ሹካው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ውፍረቱም 40 ሚሊሜትር የነበረው 36 ከደረሰ ሹካው ይወገዳል፣ 10 በመቶ ሲሳሳ የመሸከም አቅሙ 20 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና። በመጨረሻ ፔዳሉን ረግጬ እስከ አስር እቆጥራለሁ። እየሰመጠ ከሄደ ያ ማሽን አይወጣም። ሁሉም ተደምሮ 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ካርቶኑን ጫኝና አውራጆቹም እንዲያዩት አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት የሳንቲም ያህል ጠብታ ቀድመው ያዩት ጋሼ ናቸው። ከባድ መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ክላክስ ይነፋል፣ አለቃችን «አንዴ ብቻ አውርድለት» ይለኛል። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ መካኒኩ ጋ ደወልኩ።