ሰማይ የሌለበት ሰማያዊ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አልጋው እስካሁን እንደ ጀልባ ይወዛወዝብኛል። ልጅቷ ገና ናፖሊ ወደብ ሳንደርስ ነው የተኛችው። ስምንት ዓመቷ ነው፣ አንድ ኩንታል ትመዝናለች፣ ተሸክሜያት ገባሁ።

ካፕሪ ሄድን። ስንት ዓመት እዚህ ጣሊያን፣ ናፖሊ ስኖር፣ በፈጣኗ መርከብ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ የምትርቀውን ደሴት ረግጫት አላውቅም ነበር። እንግዳም አልመጣብኝ፣ በዓልም አልነበረ። ሰሞኑን እንዲሁ ያለ ነገር ሆዴ ሲባባ ከረመ። ቅዳሜ ጠዋት ብድግ ብዬ "ተነሺ፣ ዋሻ ልናይ ነው" አልኳት።

ግሮታ አዙራ ይሉታል። ሰማያዊው ዋሻ። ከደሴቲቱ ወደብ፣ ከማሪና ግራንዴ፣ በሞተር ጀልባ ይኬዳል፣ ግን ጀልባው አይገባም። የዋሻው አፍ ከውሃው በላይ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በራፉ ላይ ወደ ትንሽ ታንኳ መዛወር አለ፣ ለታንኳው ደግሞ ወረፋ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ባሕሩ ላይ ስንናጥ ቆየን። የናፍጣው ሽታ፣ ፀሐዩ፣ ጠዋት የበላሁት ኮርኔቶ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦ... ይቅር። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ፌስታል ባትሰጠኝ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ታንኳው ላይ በጀርባ መተኛት ግድ ነው። ቀዛፊው ድንጋዩ ላይ የታሰረውን ሰንሰለት ይዞ ይጠብቃል። ማዕበሉ ዝቅ ሲል "ጭንቅላት!" ብሎ ጮኸና በአንድ ጉተታ አስገባን። አለቱ አፍንጫዬን ሊልጠኝ ነበር። ልጅቷን ደረቴ ላይ ለጥፌ "እመብርሃን!" አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ውሃው ከሥር በርቷል። ፀሐይዋ ከውሃው በታች ባለ ሌላ ሰፊ ቀዳዳ ትገባለች፤ ውሃው ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ይለቀዋል። ልጅቷ እጇን ነከረች። ጣቶቿ ብር ሆኑ። አወጣችው፣ ያው የራሷ ጠይም እጅ ነው። ነከረችው፣ ብር። አወጣችው፣ ጠይም። አምስት ደቂቃችን በዚሁ አለቀ ማለት ይቻላል።

የሉቃስ ወንጌል ላይ ያለው ጢባርዮስ ቄሣር የኖረው እዚህ ደሴት ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1964 ከዋሻው ወለል የሮማውያን ሐውልት ወጥቷል። ከሮማውያኑ ዘመን በኋላ ግን የአገሬው ሰው መንፈስ አለበት ብሎ ይሸሸው ነበር፣ በፈረንጆቹ 1826 አንድ ጀርመናዊ ከአንድ የደሴቲቱ ዓሣ አጥማጅ ጋር ገብቶ ወሬውን እስኪነዛው ድረስ። እኛ አገር ቢሆን ይሄኔ ጠበል ነበር።

ቀዛፊው ዘፈኑን ገታ አድርጎ "ሲኞራ፣ በእናንተ ቋንቋ አዙሮ ምን ይባላል?" አለኝ። በእኛ ቋንቋማ አዙሮ ማለት ጠዋት ጀልባው ላይ የሆንኩት ነው። ይህን ለማን ላስረዳ። "ሰማያዊ" አልኩት።

"ምን ማለት ነው?"

"የሰማይ፣ ሰማይ የሚመስል።"

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ጥቁር ድንጋይ። "ታዲያ ሰማዩ የታለ?" ብሎ ሳቀና ዘፈኑን ቀጠለ።

እኔ ከዚያ በኋላ ዋሻው ውስጥ አልነበርኩም።

እውነቱን ነው እኮ። ቡናማን ከቡና ወሰድን፣ ብርቱካናማን ከብርቱካን። ይሄኛውን ግን ሰማይ ድረስ ወጥተን ነው ያመጣነው። ፈዘዝ ሲል ደግሞ ውሃ ሰማያዊ እንለዋለን፣ ውሃውንም ሰማዩንም አንድ ላይ ጠቅልለን። ጣሊያኖቹ ብሉ አላቸው፣ አዙሮ አላቸው፣ ቼሌስቴ አላቸው። እኛ ደግሞ ፈረንጁ ብሉ ናይል የሚለውን ወንዝ ጥቁር ዓባይ ብለን ቁጭ። ባሕር ዳር አድጌ፣ ክረምት ላይ ጢስ ዓባይ ስንቴ ሄጃለሁ። ያየሁት ጭቃ ነው። ሰማያዊም አይደል፣ ጥቁርም አይደል። ማን ነው ትክክል?

አምና ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን ስብከት ሰምታ መጥታ ሥዕል ሣለች። ንጉሡ ሰማያዊ፣ ፈረሱ ሰማያዊ፣ የመላእክቱ ጫማ ሳይቀር ሰማያዊ። "ምንድነው?" ብላት "ሰማያዊ መንግሥት" አለችኝ። በሳቅ ፍርስ አልኩ። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁላት። እማዬ አልሳቀችም። "ምን ተሳሳተች?" ብላ ጻፈችልኝ።

ዛሬ ልንወጣ በጀርባችን ስንተኛ ጆሮዬ ሥር "ማሚ፣ ይሄ ነው እንዴ መንግሥቱ?" አለች።

እኔ ምን አልኩ? "ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርጊ።"

ማታ ያቺ ጓደኛዬ ደወለች። "ዋሻው እንዴት ነበር?" ስትለኝ ስለ ጥቁር ዓባይ ጀመርኩላት። ሃያ ደቂቃ ሳላስተነፍሳት ቆየሁ። "ቆይ አንቺ፣" አለችኝ በመጨረሻ፣ "ያምራል ወይስ አያምርም?"

ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን አየሁ። ሰላሳ ምናምን ናቸው። የቀዛፊው ጀርባ፣ የቀዛፊው ጀርባ፣ የቀዛፊው ጀርባ፣ የእኔ አገጭ።