የእናቴን የስፌት መኪና ማን ይውሰዳት?

የወላጅ ቤት ዕቃ ሲከፋፈል ጠብ የሚነሳው በውዱ ዕቃ አይደለም። ፍሪጁን «አንተ ውሰደው፣ አንቺ ውሰጂው» ይባባላሉ። ቴሌቪዥኑን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከዚያ አንዷ ጠርዙ የተሸረፈ ኩባያ ታነሳለች። «እሱን አስቀምጪ፣ የኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይመጣል። በቃ፣ ቤቱ ይደበላለቃል።

እኛ የተጣላነው በእናታችን የልብስ ስፌት መኪና ነው። ሲንጀር ናት። ጥቁር፣ በወርቃማ ሐረግ ያጌጠች፣ በእግር እየተረገጠች የምትሰፋ። መጀመሪያ የሴት አያታችን ነበረች። ታሪኳን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ወንድ አያታችን ሲያገባት አዲስ መኪና፣ ከነካርቶኗ፣ ገዛላት። «ከነካርቶኗ» የምትለውን ሳይጨምር አውርቶ አያውቅም።

ታዲያ በክፍፍሉ ሰሞን ወንድሜ ብረቷ ላይ የተመታውን ቁጥር አየና ኢንተርኔት ላይ ፈለገው። ሲንጀር ከ1900 ጀምሮ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከቁጥሩ ፊት ፊደል ያስገባ ነበር። ፊደሉና ቁጥሩ ከታወቀ የት ፋብሪካ፣ መቼ እንደተሠራች ይገኛል። የኛዋ ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ የሚባል ቦታ ተሠራች፤ ፋብሪካው ራሱ በ1980 ተዘግቷል። እስከዚህ ጥሩ። ችግሩ ዓመቱ ነው። መኪናዋ ስትሠራ አያታችን ገና ጥርስ አላወጣም።

እህቴ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ብላ ድርቅ አለች። እኔ ግን ሽማግሌውን የበለጠ ወደድኩት። ያገለገለች መኪና ገዝቶ፣ ወልውሎ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ለሙሽራይቱ አዲስ ናት ብሎ አቀረበላት። እንደው ካርቶኑን ከየት አመጣው? እሱን እስከዛሬ አስባለሁ።

መኪናዋን ያየ አንድ ጠጋኝ «ቀለም ቀብቼ አዲስ ላስመስልልሽ?» አለኝ። ለደግ ነው ያለው፣ ግን እምቢ አልኩ። ምክንያቱም ከመርፌዋ ፊት ለፊት ያለው ወርቃማ ሐረግ አልቋል። ከጀርባዋ ያለው ግን ዛሬም ያበራል፣ ቅጠሉ ሁሉ ይቆጠራል። ከፊት የጠፋው ጨርቅ ሲንሸራተትበትና መዳፍ ሲያርፍበት ስለኖረ ነው። እናቴ ጨርቁን የምትመራው ግራ እጇን እዚያው ላይ ዘርግታ ነበር፤ ከሷ በፊት ደግሞ አያቴ። ብርሃን ሲያርፍበት ጥቁሩ ሳስቶ ብረቱ ብልጭ ይላል። ይሄን ነው እንግዲህ «ላድሰው» የሚለኝ!

ሰው ለራሱ ዕቃ ከሌላው የበለጠ ዋጋ እንደሚሰጥ በሙከራም ታይቷል። በ1990 ዳንኤል ካህንማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ላይ ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ ኩባያ ተሰጣቸው። ኩባያው የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልደረሳቸው ለመግዛት ካቀረቡት በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። ያውም ያን ቀን ያገኙት ኩባያ። እናትህ ሃያ ዓመት የጠጣችበት ቢሆንስ?

በ1970ዎቹ ደግሞ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይና ዩጂን ሮችበርግ-ሃልተን የተባሉ ተመራማሪዎች ቺካጎ ውስጥ 82 ቤተሰቦችን፣ በድምሩ 315 ሰዎችን፣ «ቤታችሁ ውስጥ ለናንተ ልዩ የሆነው ዕቃ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሙዚቃ መስሚያቸውን የመሳሰለ፣ የሚነካካ የሚሠራ ነገር አሉ። አያቶቹ ፎቶ አሉ። ዋጋውን ምክንያት አድርጎ ያነሳ ብዙ አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ሰው ነበር።

መኪናዋ ለታናሽ እህቴ ሄደች። የምትሰፋው እሷ ናት፣ እኔ ጋ ብትመጣ የአበባ ማስቀመጫ ነበር የምትሆነው። ለኔ የቁልፍ ጣሳው ደረሰኝ፤ ከአሮጌ ልብስ የተቆረጡ ቁልፎች የሞሉበት የቆርቆሮ ጣሳ። አንዱን አውቀዋለሁ፣ የአባቴ ካፖርት ነው፤ ቡናማ፣ አራት ቀዳዳ ያለው፣ ክሩ ዛሬም አለበት። ሌላዋ ነጭ የትምህርት ቤት ሸሚዜ። የቀሩት የማን ናቸው? አላውቅም። እናቴ ብትኖር አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄ የእገሌ፣ ይሄ የዚያን ዓመት» ትለኝ ነበር። አሁን ግማሹ ጣሳ ዝም ብሎ ቁልፍ ነው።

ስለዚህ እናት አባት፣ አክስት አጎት በሕይወት ያላችሁ፣ ዕቃውን ሳይሆን ወሬውን ቶሎ ውረሱ። ስልክ አውጡና ቅዱ። «የቤተሰባችንን ታሪክ ንገሪኝ» ካላችሁ ግን አይሆንም፤ ትደነግጥና «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ» ትላለች። ዕቃውን እጇ ላይ አስቀምጡላት። «ይሄ እጀታው የተሰበረው መቼ ነው?» በሉ፣ ከዚያ ዝም በሉ።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን ነው። ከጀርባው ስም ጻፉ፣ ግን በእስክሪብቶ አይደለም። ቀለሙ ወደፊት በኩል ሊያልፍ ይችላል፣ ጫናውም ፊቱ ላይ ወጥቶ ይታያል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ ጠርዙ ላይ ቀስ ብላችሁ ጻፉ። «እማዬ» ብቻ ብላችሁ እንዳትተዉት፤ የልጅ ልጅ ሲያየው የማን እማዬ እንደሆነች ማን ይነግረዋል? ገጹ የሚጣበቅ፣ ላዩ ላስቲክ የሆነ አልበም ካላችሁ ደግሞ ፎቶውን ማውጣት ጀምሩ። ሙጫው እየቆየ ወረቀቱን ይበላል፣ ከዓመታት በኋላ ቢጎትቱት ይቀደዳል። እምቢ ካለ ግን አትታገሉት። ገጹን እንዳለ ፎቶ አንሱትና ተዉት። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በደንብ ከታጠበ ረጅም ዕድሜ አለው። ባለቀለሙ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦም ይደበዝዛል፣ ቅጂ ማስቀረት የሚቀድመው ለሱ ነው።

ካሴት ግን ከፎቶም ያስቸኩላል። ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው በ1963 ነው፤ ብዙዎቻችን ቤት የሞተ ሰው ድምፅ ያለበት ካሴት አንድ ቦታ ተወሽቋል። ማግኔታዊውን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ በእርጥበት ይበላሻል። ማጫወቻው ውስጥ ያለው ጎማም ይላላል ወይ ይቀልጣል። እንዳገኛችሁት ወዲያው አታጫውቱት። መጀመሪያ የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ በማያስቆጭ ካሴት ሞክሩት፣ ከዚያ ዋናውን አስገቡና በመጀመሪያው ዙር ቅዱት። ሁለተኛ ዙር ላይኖር ይችላል።

ብር የሆነ ጌጥ ከጠቆረ አትደንግጡ፣ አየር ላይ ያለ ድኝ ነው ያጠቆረው። ቶሎ ቶሎ በፖሊሽ መፈተግ ግን ብሩን ራሱን ያሳሳዋል። በጎማ ላስቲክ አስራችሁም አታስቀምጡት፣ ጎማው ውስጥም ድኝ አለ።

ልብስ ሌላ ነገር ነው። የእናቴን ሹራብ አላጠብኩትም፣ ከላስቲክ ውስጥ አውጥቼ አሸተውና እመልሰዋለሁ። ሽታ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት በተለየ አቋራጭ ወደ ትውስታና ስሜት የአንጎል ክፍል ይገባል፤ ሳታስበው እንባህ የሚመጣው ለዚያ ነው። ጠቢቦቹ ግን ያልታጠበ ሱፍ ብል ይወዳል ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ይሁን፣ እኔና ብሉ እንተያያለን።

ቡፌ ውስጥ ተቆልፎ ስለሚኖር ዕቃ ግን አቋሜ የታወቀ ነው፦ አውጡት። «ለእንግዳ» ተብሎ አርባ ዓመት የተቀመጠ ሳህን ማንም አላለቀሰበትም፣ ማንም አልሳቀበትም፣ ልጆቻችሁ ምን ብለው ያስታውሱታል? ሊሰበር ይችላል፣ አዎ። እኛ ቤት የተሰበሩት ናቸው እስከዛሬ የሚወሩት።

ሁሉን እናስቀምጥ ማለቴም አይደለም። ቤቱ ሙዚየም ሆኖ መላወሻ ካጣችሁ የሟች ዕቃ እዳ ነው። አንዳንዱን ፎቶ አንስቶ፣ ወሬውን ጽፎ፣ ለሚጠቀምበት መስጠት ይሻላል። የአባቴን ትልቁን ሶፋ እንደዚያ ነው ያደረግነው፤ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ የሚያሳይ ፎቶ ነበረን፣ ሶፋውን ጎረቤት ወሰደው። አሁን ልጆቻቸው ይዘሉበታል። አባቴ ቢያይ በጣም ነበር የሚናደደው።