መውጫ የሌለው በር

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር «ሌዲ ኤንድ ዘ ትራምፕ»ን አየን። ዲዝኒ በ1955 እ.ኤ.አ. ያወጣው የውሾች የፍቅር ፊልም ነው። ከልጅነቴ በአእምሮዬ የቀረው ሁለቱ ውሾች አንዷን ፓስታ ከሁለት ጫፍ እየበሉ አፍ ለአፍ የሚገጥሙበት ትዕይንት ብቻ ነበር።

የውሾቹን እስር ቤት ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ከመንገድ ላይ የታፈሱት ውሾች ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ያላዝናሉ። ከዚያ አንዱ ተይዞ ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ጥላው ብቻ ይታያል። ጓደኞቹ በዓይናቸው ይሸኙታል። የሚገባበት በር መውጫ የለውም። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ይህ እንግዲህ ለልጆች የተሠራ ፊልም ነው!

ባለታሪኳ ውሻ ሌዲ እዚያው ገብታ ነበር። ያዳናት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው የፈቃድ ምልክት ነው። ባለቤት ያላት ትወጣለች፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። በልጅነቴ ይህ እንዴት አመለጠኝ?

«አክስቴ፣ ያ ውሻ የት ሄደ?»

«ወደ ቤቱ» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

ዝም አለች። ማታ በረንዳ ላይ ሳገኛት የፀጉሯን ሪባን ፈትታ የቡቺ አንገት ላይ እያሰረች ነበር።