በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር አይደለም

የኢንተርኔት መስመሩ በእኔ ስም ነው፤ ሂሳቡን ግን ከጎን ጎረቤቶቻችን ጋር እኩል እንካፈላለን። ግድግዳው አንድ፣ ፓስወርዱ አንድ። ቲቪው ግን ሁለት ነው፤ ያውም ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ ስማቸው እንኳ ሳይቀየር። አንዱ «ስማርት ቲቪ»፣ ሌላውም «ስማርት ቲቪ»።

ማታ ስልኬ ላይ ስለ ፀጉር መሳሳት የሚያወራ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ልብ በሉ፣ መሳሳት ነው ያልኩት። ሰውየው የራስ ቆዳ እንዴት እንደሚታሽ ማሳየት ሲጀምር በትልቁ ልየው ብዬ የካስት ምልክቷን (ስልክ ላይ ያለውን ወደ ቲቪ የምትልከዋን) ነካሁ፤ ከመጣልኝ ዝርዝር ውስጥ «ስማርት ቲቪ»ን መረጥኩ። የእኔ ቲቪ ጭጭ። ከግድግዳው ማዶ ግን ድምፁ ቤቱን ሞላው፦ «ውድ ራሰ በራ ወንድሞቼ! በጣት ጫፍ እንጂ በጥፍር አይደለም!»

ጎረቤት ያን ምሽት እንግዳ ነበረባቸው።

ላቆመው ስሞክር ደግሞ ሌላ መዓት። አንድ ነገር ቲቪ ላይ ካስት ሲደረግ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያሉ አንድሮይድ ስልኮች ቅንብሩ ካልተዘጋባቸው በስተቀር መቆጣጠሪያው እነሱም ጋ ብቅ ይላል። እኔ አቆማለሁ፣ ማዶ ያለ አንድ ሰው ያስቀጥላል። አቆማለሁ፣ ያስቀጥላል። «በጣት ጫ—» ... «—ፍ እንጂ» ... «በጥፍር አይደለም»። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ የልጃቸው ሳቅ ከቲቪው በላይ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ በር ላይ ስንገናኝ ልጁ በጣም በትህትና፣ «ጋሼ፣ በጥፍር እንዳይሆን አደራ» አለኝ። እናቱ «አይዞህ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ግንባሬ ላይ ነበር። አባትየው ደግሞ ከቆብ በስተቀር ራሳቸው ላይ ምንም በቅሎ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቆብ ከፍ አድርገው፣ አዲስ አባል እንደሚቀበል ሊቀመንበር እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። አሁን የሰው ፊት ሳይ መጀመሪያ የማጣራው የት ቦታ እንደሚያየኝ ነው። ባርኔጣ ባደርግ ማመን ነው፤ ባላደርግ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ስልክ ቲቪ ሲፈልግ 224.0.0.251 በምትባል አድራሻ፣ በፖርት 5353፣ «ማን አለ?» ብሎ ኔትወርኩ ላይ ይጣራል፤ እዚያ ላይ ያለ ቲቪ ሁሉ «አቤት» ይላል። ግድግዳ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ዋይፋይ የሚጋራ ሰው መጀመሪያ የቲቪውን ስም ይቀይር፤ ሴቲንግ ውስጥ «የመሣሪያ ስም» የሚል ቦታ አለ፣ ደቂቃም አይፈጅ። ይህ ግን ቲቪ ሲመርጡ መሳሳትን እንጂ ልጃቸውን አያግድም። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ያ ልጅ ሶፋው ላይ ተጋድሞ እኔ ቲቪ ላይ የፈለገውን መልቀቅ ይችላል።

ለዚህ ራውተሩ ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቼ ወደዚያ አዛወርኳቸው፤ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚያደርገውን አይሶሌሽንም አበራሁ። ሰላም ሆነ። ሰላሙ ግን እስከ ማታ ነበር። አይሶሌሽን የእነሱን ስልክ ከእኔ ቲቪ ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ቲቪም ይለያል። «ቲቪያችን ከስልካችን ላይ ጠፋ፤ ምን አደረግከው?» ሂሳብ የምንካፈል መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔ የቅሬታ ክፍሉም ነኝ።

በነገራችን ላይ፣ ለእንግዳ ዋይፋይ ስም ማውጣት የሚባል ነገር አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ላልቅስ። ራውተሩ «ስም ከ32 ፊደል አይበልጥም» ይላል። እኔም በጨዋ ደንብ «ቪዲዮው ለጓደኛዬ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ረዘመ አለኝ። ብቆጥር 11 ፊደል! ውሸቱ የት እንዳለ ገባኝ፤ ልኩ 32 ፊደል ሳይሆን 32 ባይት ነው። ፊደል በኮምፒውተር በሚጻፍበት በዩቲኤፍ-8 ስርዓት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ይይዛል። እነሱ 32 ፊደል ሲንፈላሰሱ ለእኛ የሚደርሰን 10 ነው። የእኔዋ 33 ባይት፣ ከሁለት ክፍት ቦታ ጋር 35 ሆነች፤ በአንዲት ፊደል ተጣልኩ። በንዴት «ራሰ በራ አይደለሁም» ብዬ ብሞክር 10 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ፣ ልክ 32። ተቀበለ። ሰፈሩ በሙሉ ዋይፋይ ሲፈልግ አሁን ይህን ያነባል። እናትየው በመስኮት፣ «ስማ፣ የራሰ በራ አይደለሁም ፓስወርድ ስንት ነበር?» ብለው ተጣሩ። ስም በተቀየረ ቁጥር ስልኮች እንደ አዲስ ኔትወርክ ስለሚያዩት ፓስወርድ መጠየቃቸው አይቀርም። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ ስልኮች ለየኔትወርኩ የፈጠራ ማክ አድራሻ (የመሣሪያ መለያ ቁጥር) ስለሚያወጡ፣ «ይሄ የአባትየው፣ ይሄ የልጁ» ብዬ የያዝኩት መዝገብም ገደል ገባ።

የሚያዛልቀው ለአንድ ቤት አንድ ገመድ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንዳይሸጡላችሁ፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። ደጅ የሚወጣ ከሆነ ፀሐይ የሚችል ልባስ ያለው ይሁን። ስምንቱን ክሮች ኮኔክተሩ ውስጥ በሁለቱም ጫፍ በአንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተል ክሪምፕ አድርጉ (በመቆንጠጫ አጥብቁ)፤ ብርቱካናማ ነጩን ከብርቱካናማው አጠገብ አድርጎ የሚጀምረው «ቢ» የተለመደው ነው። ካልተጠነቀቃችሁ ሰማያዊው ወይም ቡናማው ጥንድ ሳይነካ ይቀርና ፍጥነቱ ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ይወርዳል፤ ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ግን ማንም አያውቅም። ማዶ የራሳቸው ራውተር ይቀመጥና ገመዱ «ዋን» የሚለው፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ይሰካ፤ የውስጥ አድራሻውም የእናንተ 192.168.1.1 ከሆነ የእነሱ 192.168.2.1 ይሁን። ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች በተሠራው «ላን» ላይ ከተሰካ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፣ የሁሉም ኢንተርኔት ይቃወሳል፣ ቲቪዎቹም እንደገና ዘመድ ይሆናሉ።

ሌላው ጥቅም የፍጥነት ገደብ ነው። ገደቡን በየስልኩ ካደረጋችሁት ዘጠኝ ስልክ ያለው ቤት ዘጠኝ ድርሻ ይወስዳል። ራውተራቸው ግን ከኋላው መቶ ስልክ ቢኖር እናንተ ጋ አንድ አድራሻ ነው፤ ድርሻውን በእሱ ላይ ቆርጣችሁ ትቀመጣላችሁ። ጠቅላላውን ከተለካው ፍጥነት 85 እስከ 90 በመቶ ላይ አድርጉት። የሚላከውንም ገድቡ፤ ማታ ማታ ፎቶ ሁሉ ወደ ክላውድ ሲጫን የሚያንቀው የመላኪያው በኩል ነው፣ ሰው ግን «ዋይፋዩ ደከመ» ይልና በር ያንኳኳል።

ገመዱን ዘረጋሁ፣ ራውተራቸውን አስተካከልኩ፣ ስምና ፓስወርዱን ልጁ ያውጣ ተባለ። ቤቴ ገብቼ ዋይፋይ ስከፍት ከእኔ «ራሰ በራ አይደለሁም» ሥር አዲስ ስም ተዘርግቶ አየሁ፤ «ራሰ በራ ነዎት እኮ»።

ቆጠርኩት። 30 ባይት ነው።