ውሃ የቀዳሁበት እረፍት

እናቴ ስልኩ ላይ ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «ውሃ ልትቀጂ ነው እንዴ ኖርዌይ ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ? በአንድ እጄ ስልክ፣ በሌላው ባልዲ ይዤ፣ ውሃው ረግቶ ድንጋይ የሆነ ሐይቅ ላይ ቆሜያለሁ። ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነበርና ውሃ ልቀዳ ስወጣ ነው የምደውልላት።

ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ መጋቢት ነው። በዚያ ዓመት የፈረንጆቹ ፋሲካ ከእኛው 5 ሳምንት ቀድሞ ነበር የዋለው። እነሱ የበግ ሥጋ ሲገዙ እኔ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ላይ ነኝ። ኦስሎ ውስጥ አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። አብራኝ የምትሠራ ኖርዌጂያዊት «ዘንድሮ ሂተ ካልሄድሽ ኖርዌይ ኖርኩ እንዳትዪ» ብላ ያዘችኝ። ዘጠኝ ዓመት ስኖር አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም።

ሂተ ማለት የገጠር ጎጆ ነው፤ ተራራ ላይ ወይም ባሕር ዳር የሚሠራ የእንጨት ቤት። ወደ 5.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት አገር ከ400,000 በላይ አለ። አንዳንዱ ከከተማ ቤት የማይተናነስ መብራትና ሙቅ ውሃ ያለው ነው። የባልደረባዬ ቤተሰብ ግን የድሮው ዓይነት ነው ያላቸው፤ መብራት የለ፣ ቧንቧ የለ። ደግሞ ይኮሩበታል! ቫልድሬስ የሚባል አገር ነው፤ ከኦስሎ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና። መኪናው ከቆመበት ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ። እነሱ በስኪ እየተንሸራተቱ ሲሄዱ እኔ ከኋላ፣ እስከ ጉልበቴ እየሰመጥኩ፣ የሽሮ ፌስታሌን አቅፌ።

ስንደርስ ቤቱ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 6 ይላል። ከውጭው ይብሳል። «እሳት አቀጣጥሉ!» አሉ አባቷ። (እሳቸው 78 ዓመታቸው ነው። በኖርዌጂያንኛ ሁሉም «አንተ» ስለሆነ አፌ «አንተ» ይላቸዋል፤ እዚህ ግን በወጉ ልጥራቸው።) እኔም ደስ አለኝ። በዚህ አገር ስኪ አልችልም፣ መዋኘት አልችልም፣ እሳት ማቀጣጠል ግን ማን ይቀድመኛል? ጎጃም ያደግኩ ልጅ ነኝ። በእርጥብ ባሕር ዛፍና በኩበት ስንቱን ክረምት አልፌያለሁ። ከሥር ጭራሮ፣ ከላይ ቀጫጭን ፍልጥ፣ ከዚያ ወፍራሙን ደረደርኩና ክብሪት ልጭር ስል ሽማግሌው በትሕትና እጄን ያዙ።

አፈረሱት። ወፍራሙን ፍልጥ ከታች አጋደሙ፣ ቀጭኑን በላዩ፣ ከሁሉም በላይ ጭራሮና የበርች ቅርፊት። ከዚያ ከላይ ለኮሱት። ከላይ! እሳት ቁልቁል ሲወርድ አይቼ አላውቅም። «እሳት ወደ ላይ ነው እኮ የሚሄደው» አልኳቸው። ነገሩ ግን ገባኝ፦ ከታች ከለኮስሽው ከላይ ያለው እንጨት ሲሞቅ የሚነድ ጋዝ ይለቃል፣ ከላዩ ግን ነበልባል ስለሌለ ጋዙ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከላይ ሲለኮስ ግን ከሥር የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ እያለፈ ይነዳል፤ ጭሱ ይቀንሳል። የበርች ቅርፊት ደግሞ በራሱ ቅባት ስላለው እንደ ነጭ ጋዝ ይያዛል፤ ጋዜጣ አያስፈልግም። ሃያ ዓመት ሙሉ በጭስ ዓይናችን የጠፋው ለካ መለኮሻው ተገልብጦ ነው እያልኩ ሳስብ፣ የእኛ ምድጃ ሦስት ጉልቻ እንጂ የታሸገ ብረት እንዳልሆነ ትዝ አለኝና እናቴን ይቅር አልኳት።

ሥራው ተከፋፈለ። ልጅቷ ምግብ፣ ባሏ ፍለጣ፣ እኔ ውሃ። የሐይቁ በረዶ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ባሏ በትልቅ መሰርሰሪያ በሳው። ቀዳዳው ሌሊቱን መልሶ እንዳይዘጋ ፎም ይከደንበትና በረዶ ይከመርበታል። ጠዋት ገልጦ በጭልፋ መቅዳት ነው። ለአራት ሰው ሁለት ባልዲ ለቀኑ በቃን። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ወለል ይታጠብበታል፣ ከዚያ ይደፋል። ይሄን እናቴ ብታይ አዲስ ነገር አይሆንባትም።

መጸዳጃ ቤቱን ግን ባላወራ ይቆጨኛል። ሠላሳ እርምጃ ርቆ ለብቻው የቆመ የእንጨት ቤት ነው። መቀመጫው ፎም ነው፤ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ነጩ። ሳቅኩበት። ተቀመጥኩበት፤ አልሳቅኩም። ያ ሁሉ ብርድ እያለ አይቀዘቅዝም! ቀና ስል ደግሞ ግድግዳው ላይ ንጉሥ ሃራልድና ንግሥቲቱ በፍሬም ሆነው እያዩኝ ነው። በሩጫ ወጥቼ «ንጉሡን እዚያ ማን ሰቀለ?» ብል ሁሉም ሳቁብኝ፤ በብዙ ሂተ የተለመደ ነው አሉ፣ ንቀትም የለበት፣ እንዲያውም ፍቅር ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን የሚለውን እናንተው ጨርሱት።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ጉድ አፈላሁ። ብርድ ቀሰቀሰኝና ምድጃው ውስጥ ሁለት ፍልጥ ጨመርኩ። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብዬ በጭስ ማውጫው ላይ ያለችውን ክዳን ዘጋኋት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሁላችንም በሱፍ የውስጥ ልብስ ከዜሮ በታች 12 ውስጥ፣ በር ተከፍቶ፣ ጭሱ እስኪወጣ ደጅ ቆምን። ከማንም ይልቅ ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ በከሰል ጭስ ታፍነው ያደሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማሁ ያደግኩ፣ «ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሩ» ስባል የኖርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሽማግሌው ጠዋት ክዳኗን በጣታቸው እያንኳኩ «ፍሙ ሙሉ በሙሉ አመድ ሳይሆን አትነካም» አሉኝና ጨረሱ።

ክብሬን የመለሰልኝ ቡናው ነው። በዚያው ምድጃ ላይ በብረት መጥበሻ ቆላሁ፣ በበረዶው ውሃ አፈላሁ። ሽሮውንም እዚያው ሠራሁላቸው። እነሱ የበግ ሥጋቸውን ትተው ሽሮዬን በደረቅ ዳቦ እየጠቀሱ ሲጨርሱብኝ እኔ ብርቱካን ልጬ በላሁ። ለፋሲካ ብርቱካንና ቸኮላት ይዞ ተራራ መውጣት ወጋቸው ነው፤ ቸኮላቱ ወተት ስላለበት በቦርሳዬ ከረመ።

የመጨረሻው ቀን ሥራ ከሁሉም በዛ። ውሃ የያዘ ዕቃ በሙሉ ይደፋል፤ አለዚያ ረግቶ ይሰነጠቃል። አመዱ በብረት ባልዲ ይወጣል። የማገዶው ሣጥን ይሞላል፣ ምድጃው ውስጥም ለሚቀጥለው ሰው እሳት ተደርድሮ ይቀመጣል፤ በርዶት የሚመጣ ሰው ክብሪት ብቻ እንዲጭር። ድርደራውን ለእኔ ተዉልኝ። ወፍራሙን ከታች፣ ቅርፊቱን ከላይ።

ከዚያ ደብተር አመጡልኝ። የመጣ ሁሉ የሚጽፍበት ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ 1961 ይላል በእነሱ አቆጣጠር። በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ማገዶ ሞልቷል። ውሃ ተደፍቷል። ምድጃው ተዘጋጅቷል።» ሽማግሌው ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ። ስተረጉምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ከጽሑፌ ሥር የረሳሁትን በራሳቸው እጅ ጨመሩበት፦ ከዜሮ በታች 4፣ ነፋስ የለም።