ካርታው ላይ ቀይ የቀባሁት አካባቢ

የደም ግፊት መድኃኒት የሚያቋርጡ ሰዎች የሚበዙት የት ነው? ይህን በካርታ ለማሳየት ስነሳ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የፋርማሲ መዝገብ አለ፤ የየአካባቢው ወሰን አለ፤ ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር አለ።

መጀመሪያ «በአግባቡ ይወስዳል» የምለው ማንን እንደሆነ መወሰን ነበረብኝ። የተለመደው መንገድ በመድኃኒት የተሸፈኑ ቀናትን መቁጠር ነው። በቀን አንድ ክኒን የሚውጥ ሰው በ180 ቀን ውስጥ ሠላሳ ሠላሳ ክኒን አምስት ጊዜ ከወሰደ 150 ቀን ተሸፍኗል፤ 83 በመቶ ገደማ ነው። አራት ጊዜ ከሆነ ወደ 67 ይወርዳል። መለያው ብዙውን ጊዜ 80 በመቶ ነው። ከስድስት ወር ሁለቱን መዝለል ብቻ ሰውን «አቋራጭ» ያሰኘዋል።

የመጀመሪያው ካርታ ሲወጣ ዳር ዳሩ ደም መሰለ። ደነገጥኩ። ቁጥሩን ገልጬ ሳይ፣ በጣም የቀላው አካባቢ ያሉት ታካሚዎች ስድስት ብቻ ናቸው። ሦስቱ አቋርጠዋል፤ 50 በመቶ። አንዱ ቢመለስ 33 ይሆናል። ጥቂት ሰው ያለበት ቦታ እንዲህ ነው፤ ወይ እጅግ ጥሩ ወይ እጅግ መጥፎ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የትንንሾቹን ቁጥር ወደ አጠቃላዩ አማካይ የሚያስጠጋ ስሌት ተጠቀምኩ። የዕድሜ ልዩነትንም አስተካከልኩ። ብዙው ቀይ ደበዘዘ።

የቀረው ግን ዕረፍት ነሳኝ። እዚያ ለምትሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ደወልኩ። «እኛ ጋ እኮ የሚሰጠው የወር ነው። ሌሎቹ አካባቢዎች ጋ የሦስት ወር ይሰጣል» አለችኝ። ክው አልኩ። 90 ክኒን ባንዴ የያዘ ሰው ዋጠውም አልዋጠውም መዝገቡ ላይ 90 ቀን ተሸፍኗል። የእሷ ታካሚ ግን በየወሩ ይመላለሳል፤ አንዴ ከቀረ ይቆጠርበታል። (ምልልሱ መቀነሱ በራሱም ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ይረዳል። ሁለቱን መለየት ነው የሚከብደው።) እኔ ግን ታካሚዎቹን ቸልተኛ ብዬ ፈርጄባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ፋርማሲ ቁጭ ብዬ ሰው አነጋገርኩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ራሴን ካላመመኝ ምን ብዬ እውጠዋለሁ?» አሉኝ። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት እንደሌለው የነገራቸው የለም። አንድ አባት ደግሞ እግራቸው ስላበጠ አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒታቸውን ትተዋል። ለሐኪም ቢናገሩ ሊቀየርላቸው ይችል ነበር። መዝገቡ ስለዚህ ሁሉ አንድም ቃል የለውም።

አሁን በየአካባቢው ላይ የታካሚውን ብዛትና የስንት ቀን መድኃኒት እንደሚሰጥ እጽፋለሁ። ቀዩን ቀለም ትቼዋለሁ፤ ሰው ገና ሲያየው ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ካርታ ለማንም ሳላሳይ ለዚያችው ባለሙያ ላክሁላት። አንዱን ቦታ ጠቅሳ «እዚህ ያሉት ከሌላ ቦታ ነው የሚገዙት፤ መዝገባችሁ አያገኛቸውም» አለችኝ።

ያንን አካባቢ ግራጫ አድርጌዋለሁ።